የአያቴ ቤት ወና ነው

ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። ማክሰኞ ማታ የአማርኛ የቤት ሥራውን ይዞ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። መምህሩ አሥር ቃላት ሰጥተዋቸዋል፤ የእያንዳንዱን ፍቺ ጽፈው ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩበት። እማዬ ሶፋው ጥግ ላይ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እከትፋለሁ። የኮንዶሚኒየም ነገር ሆኖ፣ ወጥ ቤት ቆማችሁ ሳሎን የሚወራው ሁሉ ይሰማችኋል።

ልጄ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ ማንበብ ይወዳል። አንዱን ጨረሰ፣ ሁለተኛውን ጨረሰ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ እንዲህ አለ፦

«ወና ማለት ሰው የማይኖርበት ማለት ነው። የአያቴ ቤት ወና ነው።»

ሰፌዱ ላይ ይንኮሻኮሽ የነበረው ምስር ዝም አለ።

ቢላዬን አስቀምጬ ብቅ ስል እማዬ የምታየው ልጁን ሳይሆን እኔን ነበር። አንድም ነገር አልተናገረችም። ሰፌዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ግድግዳውን ይዛ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። ልጄ ግራ ተጋብቶ «ተሳሳትኩ እንዴ?» አለኝ። አልተሳሳተም። ችግሩም እሱ ነበር።

እማዬ ከጎንደር፣ ከአዘዞ፣ ወደ እኔ ዘንድ ከመጣች አራት ዓመት ሊሞላ ነው። ያመጧት ጉልበቷና ስኳሯ ናቸው። ስትመጣ «ለሦስት ወር» ብላ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ዘንቢል ብቻ ይዛ ነበር። ቤቷ ውስጥ አንድ የሩቅ ዘመዳችን የሆነ ተማሪ እንዲቀመጥ አደረግን። ኪራይ አንቀበለውም፤ ግቢውን ይጠርጋል፣ ማታ ማታ መብራት ያበራል፣ በቃ። ልጁ ተመርቆ ሥራ ሲያገኝ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቶ ሄደ። ሌላ ሰው እስክናገኝ ብዬ ለእማዬ ሳልነግራት ቆየሁ። ዛሬ ነገ ስል ዓመት ከሁለት ወር አለፈ።

ውሸት አንዴ ከተጀመረ ጥገና ይፈልጋል። «ኮኩ አፈራ ይሆን?» ስትለኝ «አፍርቷል አሉ» እላለሁ። «ክረምቱ ቆርቆሮውን ነካው?» ስትል «ምንም አልሆነም»። አንድ ጊዜማ፣ ሳፍር ነው የምጽፈው፣ «ተማሪው ሰላም ብሎሻል» ብያታለሁ። እሷም መልሳ ሰላምታ ልካለታለች። እውነቱን የምናወራው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ብቻ ነበር። እሱ የሚኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ የሚደውልልኝ እማዬና ልጄ ተኝተዋል ብዬ በማስብበት ሰዓት ነው። ልጄ ግን ተኝቶ አልነበረም ማለት ነው።

ወንድሜን ክፉ አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ። የእሱ ሐሳብ ቤቱ ይሸጥ የሚል ነው፤ ምክንያት አለው። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም። እማዬ ለሐኪም ቀጠሮ ካልሆነ በስተቀር አትወርድም፤ የምትወርድ ቀንም እኔና ባለቤቴ ግራና ቀኝ ይዘናት ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሄደች ቆይታለች። «እታለም» ይለኛል ወንድሜ፣ «ሰው የሌለበትን ቤት ለምስጥ ከምንቀልብ ሸጠን ለእሷ ምድር ላይ ያለ ቤት እንከራይላት። ፀሐይ ትሙቅ።» ይህን ሲል ምን ብዬ እመልስለታለሁ?

እማዬ ሁለት ቀን አኮረፈች። ትበላለች፣ መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ከልጄ ጋር ትጫወታለች፤ እኔን ግን በአጭሩ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቡና እየጠጣን ስኒዋን አስቀመጠችና «ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችኝ።

«ከካቻምና ነሐሴ።»

ትንሽ ዝም ብላ፣ ሳልጠብቀው ሌላ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ወና ነው ወይስ ባድማ?»

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቃላት ሥራዬ አይደሉም። ሁለቱን ቃላት ሁልጊዜ እንደ አንድ ነበር የምሰማቸው። «ምን ልዩነት አለው?» ስላት አየችኝ። ያን አስተያየት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዲግሪ የጫነችው ልጅ ይህን አታውቅም እንዴ የሚል ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጆሮዬ እነዚህን ቃላት መለየት ጀመረ። ወና የሚባለው የቆመ ነገር ነው። ግድግዳው አለ፣ ጣሪያው አለ፣ በሩ አለ፤ የሌለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህም ነው ቃሉን ለሰዓታትም ለዓመታትም የምንጠቀምበት። ልጆች ለክረምት ወደ ዘመድ ሲሄዱ «ቤቱ ወና ሆነብኝ» እንላለን። ለመስቀል የጉራጌ ነጋዴዎች አገር ቤት ሲገቡ መርካቶን ያየ «ኦና ሆኗል» ይላል። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በልጄ ትምህርት ቤት በር ሳልፍ አፌ ላይ የመጣው ይኸው ቃል ነበር። አዘዞ «ወና» ስል አድጌ አዲስ አበባ ስመጣ ብዙ ሰው «ኦና» ሲል ሰማሁ፤ ያው ነው። ትግርኛ ተናጋሪ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ እነሱ ዘንድ «ዖና» የሚባለው ፍርስራሽ እንደሆነ ነገረችኝ። አስመራ ዙሪያ የጥንት መንደሮች የነበሩባቸው ጉብታዎች በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ አርኪዮሎጂስቶችም ከአክሱም መንግሥት በፊት እዚያ ይኖር የነበረውን ሕዝብ ባህል ሲጠሩት «ዖና» ነው የሚሉት። ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች፣ የቤታቸው ወና መሆን ስም ሆኖላቸው ቀረ።

ፍርስራሽ ግን የወደቀ ነው። ማንም ያየዋል፣ ማንም ያውቀዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳ ያለፈ ሰው ፍርስራሽ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ጠፍ ደግሞ ከመሬት ጋር የተያያዘ የድሮ ቃል ነው፤ ባለቤቱ ወራሽ ሳይተው የሞተበት፣ ወይም ግብሩ ከብዶት ጥሎት የሸሸው መሬት ጠፍ ይባል ነበር። ዳዋ የሚባለውም አለ፤ እሱ ቅጠሉ ነው፣ ሰው የተወውን የሚሸፍነው። «ዳዋ በላው» እንላለን፤ ቅጠል አፍ እንዳለው።

በነገራችን ላይ፣ ጎንደር ያደገ ሰው ከፍርስራሽ ጋር ነው የሚያድገው። ፋሲል ግቢ ውስጥ ነገሥታቱ ካለቁ ስንት ዘመኑ ነው፤ ግማሹ ግንብ ጣሪያ የለውም። ግን አንድም ጎንደሬ ግቢውን ወና ሲለው ሰምቼ አላውቅም። ሰው አይጠፋበትማ። የፋሲለደስ መዋኛ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ይከርምና ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይገባበታል፤ ያን ዕለት ሕዝቡን ብታዩት ቦታው ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነበር ብላችሁ አታምኑም። ዓመት ሙሉ ባዶ ሆኖ አንድ ቀን የሚጠበቅ ቦታ ወና አይባልም። ይህን ያልኩት ለራሴ ማጽናኛ ፈልጌ ሊሆን ይችላል።

ወደ እማዬ ልመለስ። ባድማ ምን እንደሆነ የነገረችኝ በወለቃ ታሪክ ነው።

ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ያለ መንደር ነው። ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩበት ነበር። እማዬ ልጅ ሳለች ምጣዱም፣ ጀበናውም፣ ጋኑም የሚገዛው ከእነሱ ሴቶች ነበር። ሰዎቹ በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወጡ። የቀሩት ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ወርደው ሲጠባበቁ ቆይተው፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ዛሬም በመንገዱ ዳር የሸክላ ሥራ የሚሸጡ ሴቶች አሉ፤ የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸውን ቤቶች ቱሪስት ቆሞ ፎቶ ያነሳል። ነዋሪዎቹ ግን አብዛኞቹ ሌሎች ናቸው።

«ሲሄዱ» አለች እማዬ፣ «ቤቱ ወና ሆነ። አፈሩ ተቦክቶ ሳለ፣ ያልተተኮሰ ጀበና ተደርድሮ ሳለ ትተውት የሄዱ ነበሩ። ከዚያ ሰው የገባበት ቤት ቤት ሆነ። ሰው ያልገባበት መጀመሪያ ክዳኑ ሄደ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ሄደ፣ ቦታው ቀረ። እሱ ነው ባድማ።»

የነገረችኝ ይህን ብቻ ቢሆን ኖሮ ትምህርቱ በዚያ ያበቃ ነበር። ግን ቀጠለች። ከብዙ ዓመት በኋላ የእማዬ ዕድሜ እኩያ የሆነች ሴት ከእስራኤል መጥታ፣ ድሮ በገበያ የሚተዋወቁ ስለነበሩ፣ እማዬ አብራት ወደ ወለቃ ሄደች። ሴትዮዋ የተወለደችበትን ቤት ፈለገች። የለም። ሜዳ ነው፤ ፍየል ይግጥበታል። ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ አንድ የጌሾ ቁጥቋጦ ጋ ስትደርስ ቆመች። የእናቷ ጌሾ ነበር፤ ለጠላ የሚሸመጠጠው፣ ከጓሮ በር በስተግራ የነበረው። ከጌሾው ተነስታ በእርምጃዋ በሩን፣ መደቡን፣ ምድጃውን ለየችው። ከዚያም «ይኼ የእናቴ ባድማ ነው» አለች።

«እያለቀሰች ነው?» አልኳት እማዬን።

«ምን ታለቅሳለች፣ ደስ ብሏት እንጂ! አገኘችው እኮ።»

እዚህ ላይ ነው እኔም ልብ ያልኩት። ባድማ የምንለው ሰው የተወውን ቦታ ነው። በቅዱሳት መጻሕፍትም፣ በእነ ኢሳይያስና በእነ ኤርምያስ፣ ቃሉ የሚመጣው ከተማ ጠፍቶ ሰው ሲያልቅበት ነው፤ ያስፈራል። ግን ደግሞ ዜና ላይ «ከቀያቸውና ከባድማቸው ተፈናቀሉ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል? እዚያ ጋ ባድማ ማለት የገዛ ቦታ፣ የአባት የእናት፣ ሰው ተመልሶ ሊገባበት የሚመኘው ነው። አንድ ቃል ሁለቱንም ተሸክሟል፦ ማንም የሌለበትና የኔ የሆነው። ይህን ለመምህራን ልተወው፤ ለእማዬ ግን ምንም አያስደንቃትም። «ታዲያ የሰው ሁሉ ባድማ አንድ ቀን ያልተተወ አለ?» አለችኝና ስኒዋን አነሳች።

«ሂጂና እይው» አለችኝ ቀጥላ። «አይተሽ ንገሪኝ። አሁን ግን እውነቱን።»

በጥቅምት መጨረሻ፣ ቅዳሜና እሁድን ከአንድ ቀን ፈቃድ ጋር አያይዤ ሄድኩ። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ አዘዞ ላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል የሰፈሩ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ይታያሉ። የኛን መፈለግ ጀመርኩ። ሳላገኘው ጎማው መሬት ነካ።

ቁልፉን የያዙት ጎረቤታችን፣ ከእማዬ ጋር ስድሳ ዓመት የተዋወቁ፣ በሩ ድረስ አብረውኝ መጡ። የውጪውን በር ገፋ አድርጌ ስገባ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ቤቶች!» አልኩ። ልማድ ነው። ተወልጄ ባደግሁበት ቤት በር ላይ እንኳ ሳልጣራ ገብቼ አላውቅም። የሚገርመው «ቤቶች» ስንል የምንጠራው ቤቱን አይደለም፣ ሰዎቹን ነው። ጎረቤታችን ከኋላዬ «ዝም በይ ልጄ» አሉኝ። «ወና ቤት አይጠራም።» ድሮ ልጅ ሆነን ወና ቤት ሰይጣን ይገባበታል እየተባልን ነበር የምናድገው፤ የተጠራው ሰው ሳይሆን ሌላው «አቤት» እንዳይል ነው። ሳቅሁ። ግን ድጋሚ አልተጣራሁም።

ግቢው እስከ ወገቤ ድረስ ሣርና መጭ ውጦታል። ኮኩ ግማሹ ደርቋል፤ «አፍርቷል አሉ» ያልኩት ኮክ። ጌሾው ግን ከቁመቴ በላይ ሄዷል። በሩን ለመክፈት ትከሻዬን መጠቀም ነበረብኝ፤ መቃኑን ምስጥ ከታች ወደ ላይ መንገድ ሠርቶበታል። ውስጡ ይሸታል፤ የእርጥብ አፈር ሽታ እንጂ የቤት ሽታ አይደለም። ሳሎን አንዱ ጥግ ላይ ነፋስ ቆርቆሮውን አንስቶት ዝናቡ ግድግዳውን አጥቦ እንጨቱን አውጥቶታል። የአባዬ ፎቶ ከነፍሬሙ ቦታው ላይ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ሻጋታ ገብቶ ጫማው አይታይም። አባዬ ጫማውን ሳይቦርሽ ፎቶ የሚነሳ ሰው አልነበረም።

ከሁሉ የከበደኝ ማድ ቤት ስገባ ያየሁት ነው። ሦስቱ ጉልቻዎች እንዳሉ አሉ። መሐላቸው አንዲት ድመት ሦስት ልጆች ወልዳለች። አመዱ ላይ።

«ይኼን ቤት የገደለው የሳት መጥፋት ነው» አሉኝ ጎረቤታችን። እንደ ተረት ነገር መስሎኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው። በየቀኑ የሚነሳው ጭስ እንጨቱን ያጠቁረዋል፤ ጭስ የጠገበ እንጨትን ነፍሳት አይደፍሩትም፣ ሙቀቱም ግድግዳውን ያደርቀዋል። ከዚያ በላይ ግን እሳት የሚነድበት ቤት ውስጥ የሚያይ ዓይን አለ። አንዲት የላላች ሚስማር ዛሬ ከታየች ዛሬውኑ ትመታለች። ማንም ካላያት ሚስማሯ ቆርቆሮውን፣ ቆርቆሮው ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል። ይህ ቤት ሃምሳ ዓመት ቆሞ፣ ያን ያህል የተጎዳው በአንድ ዓመት ከሁለት ወር፣ በሁለት ክረምት ብቻ ነው። እኔ «ደህና ነው» እያልኩ።

ሊገዛ የጠየቀው ሰውዬ በዚያው ከሰዓት መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ዋጋውም አላሳነሰም። ጫማውን ከመጭ እየጠበቀ ግቢውን በእርምጃው ለካ። ቤቱ ውስጥ ግን አልገባም። «ቤቱ ይፈርሳል፤ እኔ የምፈልገው ቦታውን ነው» አለኝ በቅንነት። ያኔ የእማዬ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

ማታ ከሆቴል ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት፦ ምስጡን፣ ቆርቆሮውን፣ ግድግዳውን፣ ኮኩን፣ ድመቷን። የአባዬን ጫማ ብቻ አልነገርኳትም። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ጣሪያው አለ?»

«አንዱ ጥግ ነው የተነሳው። ስድስት ቆርቆሮ ቢሆን ነው።»

«ምሰሶው?»

«ቆሟል።»

«ጌሾውስ?»

«እማዬ፣ ጌሾው ደን ሆኗል።»

«እንግዲያ ወና ነው» አለች። ድምጿ ላይ እፎይታ ነበረበት። እኔ ጥፋቴን እየቆጠርኩ፣ እሷ የቀረላትን እየቆጠረች።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል አልነበረም። ከወንድሜ ጋር በስልክ ሦስታችን ተነጋገርን፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እሱ የፎቁን ነገር አነሳ። ፀሐይ ሳታዪ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለሚ አላት። ድምፁ ተቆራረጠ፤ ኔትወርኩ አልነበረም። እማዬ ቆይታ እንዲህ አለችው፦ «ልጄ፣ ከዚህ ፎቅ ወርጄ ምድር ቤት ብገባ፣ እሱም የሰው ቤት ነው። እዚህ የምቀመጠው እንግዳ ሆኜ ነው፤ እንግዳ የሚሆነው ቤት ያለው ሰው ነው። እሱን ከሸጣችሁብኝ ምን ልባል ነው?» ወንድሜ አልመለሰላትም። እኔም አራት ዓመት ሙሉ እንግዳ መሆኗን ያን ቀን ገና ሰማሁ። ትንሽ ከፍቶኛል፣ አልዋሽም። አልጋዋን ያነጠፍኩላት እኔ ነኝ።

የጎረቤታችን የልጅ ልጅ በጥር ልታገባ ነበር፤ የሚገቡበት ቤት እየፈለጉ ነበርና ነገሩ በዚያ በኩል መጣ። እማዬ ኪራይ አልፈልግም አለች። ያቀረበችው ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፦ ማድ ቤት ውስጥ በየቀኑ እሳት ይነሳ፣ ለቡና ብቻም ቢሆን። ሙሽራዋ በኤሌክትሪክ ምድጃ የለመደች ልጅ ናት፤ ግራ ገብቷት ሳቀች፣ ግን እሺ አለች። ቆርቆሮውንና መቃኑን ለማስጠገን ወንድሜ ግማሹን ላከ። ሲልክም «አሁንም ትክክል ነው ብዬ አላምንም» የሚል መልእክት አስከትሎ ነው። እኔም ትክክል መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። እማዬ ዛሬም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ፀሐይዋን የምትሞቀው በረንዳው ላይ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አራት ተኩል፣ ከዚያ የፊት ለፊቱ ሕንፃ ይወስድባታል።

ልጄ ደብተሩን ይዞ መጥቶ «ዓረፍተ ነገሩን ላስተካክለው?» ብሏት ነበር። መምህሩ የእርማት ምልክት አድርገውበታል፤ ሙሉ ነጥብ። «ተወው፣ ያን ጊዜ ልክ ነበር» አለችው።

አሁን ማታ ማታ ስልክ አለ። ሙሽሮቹ ይደውላሉ፤ ካልደወሉ እማዬ ትደውላለች። በሩን አረንጓዴ ቀለም ቀብተውታል፤ ለአንድ ሳምንት አኩርፋ ሰነበተች። መደቡን አፍርሰው ሶፋ ሊያስገቡ ነው፤ ይህን ገና አልነገርናትም፤ የሚነግራት ሰው እየተፈለገ ነው። ያለፈው ሐሙስ ደግሞ ሙሽራው ግቢውን ሲያጸዳ ጌሾውን ከሥሩ ጥቂት ከፍ አድርጎ መቁረጡን በኩራት ነገራት። እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ከሶፋው ብድግ አለች። ጉልበቷን ያመማት አይመስልም ነበር።

«ማን ቁረጥ አለህ? ጌሾ ይሸመጠጣል እንጂ ይቆረጣል? አንተ ልጅ፣ እስቲ ሚስትህን አቅርብልኝ!»